ከሦስቱ በየትኛው

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ መቶ ዐሥራ ሰባት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት።
ከመስኮቴ ታች የፈጣኑ መንገድ መግቢያ፣
ተሳቢዎች ተሰልፈው የሚከፍሉበት መቆሚያ።

እኔ ጠረጴዛው ላይ ባሕሩን ዘርግቼ፣
ወሽመጡን በእርሳስ፣ መርከቡን በነጥብ ተክቼ፣
ለሬዲዮ ጣቢያው፣ ማታ በሦስት ሰዓት፣
ጦርነቱን ላድማጭ በአንቀጽ ልቆርስለት።

ሙያዬ ይኼው ነው፦ ሩቅ አገር ሲተኮስ
«ለምን ሆነ?» ማለት፣ ጭሱ እኛ ጋ ሳይደርስ።

አንድ መምህር ነበረኝ፣ ጣቱ በጠመኔ የነጣ፣
«መንግሥት ማለት» የሚል፣ «ጎረቤቱ ሲያስነጥስ ጦር ይዞ የሚወጣ።»
ሌላው ደግሞ ይል ነበር፦ «ንግድና ውል ካሰረው፣
ደንበኛውን የሚገድል ነጋዴ ማን አየው?»
ሦስተኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ መነጽሯን እየወለወለች፣
«‹ጠላት› ብለን ስንጠራው ነው ጠላት የሆነው» አለች።

ሦስቱንም ይዤ ኖርኩ፣ እንደ ሦስት ጉልቻ፤
ዓለምን ጣድኩባቸው፤ የጎደለኝ እሳት ብቻ።
ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያለው ሰው
የእኛን ጉባኤ ገብቶ ነው መሰለኝ የታዘበው።

እዚሁ ብሎካችን ሥር የውሃ ፓምፕ ነበረ፣
ቁልፉ በሻምበል ደጉ ኪስ ዓመት የከረመ።
«ቁልፍ የያዘ ሰላም ይይዛል» ይላሉ ሻምበል።
ሲስተር እጥፍወርቅ ደግሞ፣ «ፈርመን በተራ እንካፈል።»
ሁለተኛ ፎቅ ሌባ ፈርቶ ደረጃው ላይ ብረት በር አስበየደ።
ሦስተኛ ፎቅ «ምን አስበው ነው?» አለ፤
እሱም ሄዶ አስበየደ።
እኛም አስበየድን።
በዚህ ጉዳይ አርባ ገጽ ጽፌያለሁ፣
ስለ ሌሎች አገሮች።
ሐሙስ ሌሊት ፓምፑ ተሰረቀ።
ሌባው አንዱንም በር አልነካም፤
ፓምፑ ያለው ምድር ላይ ነዋ።

በሩ ተንኳኳ። አስካለ ናት፣ ከግድግዳዬ ወዲያ ያለች ጎረቤት፣
ባሏ ጉርሜሳ ተሳቢ ይነዳል፤ ጂቡቲ ከሄደ ዛሬ ዐሥራ ዘጠነኛው ሌሊት።
«ወደቡ ቆሟል አሉ፤ ስልኩም ጥሪ አይቀበልም፤
አንተ በሬዲዮ ታወራ የለ፣ ይኼ አይጠፋህም።
መቼ ይመጣል?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እጄ ሳላዘው ወደ ካርታው ሄደ።
«ሦስት ሁኔታዎች አሉ» አልኳት፣ ድምፄ የሬዲዮ ድምፅ ሆኖ፣
«አንደኛው፣ ውጥረቱ ከረገበ፤
ሁለተኛው፣ ባለበት ከቀጠለ፤
ሦስተኛው፣ ሌሎች ኃይሎች ከገቡበት…»

በትዕግሥት ሰማችኝ። እጇ ላይ ያልተላጠ ሽንኩርት ነበር።
«እሺ» አለች። «ከሦስቱ በየትኛው
ለስንት ሰው ራት ልሥራ?»

ካርታውን አየሁት። መርከብ ብዬ የነጠብኩት ነጥብ አለ።
ከእሱ ወዲህ ግን ምንም ነጥብ አልነበረኝም፣
ለወደቡ ሰልፍ፣ ለተሳቢው፣
በሙቀቱ ጎማ ሥር ተጠቅልሎ ለተኛው፣
በሰው ስልክ «ደኅና ነኝ» ሊል
የቤቱን ቁጥር ከአእምሮው ለሚፈልግ ሰው።
እርሳሱም ቢሆን ወፍራም ነው፤ ይኼን ያህል ቀጭን ነገር አይጽፍም።

ሦስት ሰዓት ላይ ተደወለ። ጋዜጠኛው «ለምን ሆነ?» አለኝ።
ተናገርኩ፤ ስለ ኃይል ሚዛን፣ ስለ ጥቅም፣ ስለ ስም።
አልዋሸሁም፤ ያልኩት ሁሉ ልክ ይመስለኛል፣ አሁንም።
ብቻ «ይመስለኛል» የምትለዋን ቃል
ከወትሮዬ በላይ ደጋገምኳት፤
ጋዜጠኛው «እርግጠኛ አይደሉም ማለት ነው?» ሊለኝ ሲጀምር
መብራት ጠፋ። መስመሩም።

ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከታች አንድ ተሳቢ ጥሩምባ ነፋ፣
ለማን እንደሆነ አላውቅም።
ከግድግዳው ወዲያ ቢላዋ መክተፊያውን ይመታል፤
አንድ ሽንኩርት፣ ሁለት፣ ሦስት።
እየቆጠርኩ ነበር።
ለአንድ ሰው ይበዛል።